ተያዥ ማቅረብ የምትችል

«ሻጭ ሴት እንፈልጋለን።» በአዲስ አበባ፣ በመገናኛና በሾላ ገበያ ዙሪያ ካሉት ሱቆች መስታወት ላይ ይህ ማስታወቂያ ጠፍቶ አያውቅም። አንዳንዱ በኮምፒውተር ተጽፎ በፕላስቲክ ይለጠፋል፤ አብዛኛው ግን ከጫማ ካርቶን ክዳን ተቆርጦ በማርከር የተሞነጫጨረ ነው። ዕድሜ ይጠቀሳል፤ ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 25። «ቅልጥፍና ያላት» ይላል። «ቁመናዋ ያማረ» የሚልም አለ፤ ይህን ሲጽፍ ያፈረ ባለሱቅ እስካሁን አላጋጠመኝም። ደመወዙ «በስምምነት» ነው። ከሁሉ በታች፣ ከስልክ ቁጥሩ በላይ፣ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፣ ዋናው ቅድመ ሁኔታ ይመጣል፦ «ተያዥ ማቅረብ የምትችል።»

ሥራ ፈላጊዎቹ ማስታወቂያውን የሚያነቡት ከታች ወደ ላይ ነው። የመጨረሻውን መስመር ካላለፉ የቀረው አይጠቅማቸውም።

ተያዥ የሚሆነው ሰው ቋሚ ደመወዝ ሊኖረው ይገባል። የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ ያጽፋል፤ ፎቶውንና የመታወቂያውን ኮፒ ያያይዛል፤ ልጅቷ ዕቃ ወይም ገንዘብ ብታጎድል እኔ እከፍላለሁ ብሎ ይፈርማል። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ልጅ ለዚህ የሚሆን አጎት፣ የአባት ጓደኛ ወይም የሰፈር ሰው አታጣም። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሰላሌ ወይም ከወላይታ የመጣችው ግን በከተማው የምታውቀው አክስቷን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አክስቷ ደግሞ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ውስጥ በየቤቱ እየዞረች እንጀራ የምትጋግር ናት። ለእንጀራ ጋጋሪ የደመወዝ ደብዳቤ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት የለም።

ስለዚህ ሌላ መንገድ ይፈለጋል። ደላላ ጋ ይኬዳል፤ ደላላውም የድርሻውን ይወስዳል። ገንዘብ ተቀብሎ ተያዥ የሚሆን ሰውም አይጠፋም። አንዳንድ ባለሱቅ የትምህርት ማስረጃዋን ዋናውን ወረቀት ይይዝባታል፤ ሌላው የመጀመሪያውን ወር ደመወዝ «መያዣ» ብሎ ያስቀረዋል። ያለ ምንም መያዣ የሚቀጥርም አለ። እርሱ ጋ ግን ክፍያው ዝቅ ይላል፣ ሰዓቱ ይረዝማል፣ ማደሪያዋም አንዳንድ ጊዜ እዚያው ከሱቁ ጀርባ ዕቃ የሚከማችበት ክፍል ይሆናል።

መታወቂያም የራሱ ጣጣ አለው። የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ከመጣችበት አካባቢ መሸኛ ማምጣት አለባት፤ መሸኛው ቢመጣ እንኳ አከራይዋ በእርሱ ቤት ቁጥር እንድትመዘገብ ላይፈቅድ ይችላል። በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ወጥቶ ፋይዳ የተባለው መታወቂያ መሰጠት ሲጀምር ለእነዚህ ልጆች አንድ በር ተከፍቷል። አሥራ ሁለት አሃዝ ያለው ቁጥር በስማቸው አላቸው፤ ባንክ ሄደው ሒሳብ ይከፍታሉ። ባለሱቁን ግን አላረካውም። ፋይዳ ማን እንደሆነች ይነግረዋል፤ እርሱ ማወቅ የሚፈልገው ብታጎድል ማን እንደሚከፍልለት ነው።

የሻጭነትን ችግር ስናነሳ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ክፉ ደንበኛና ስለ ክፉ አለቃ ነው። ሁለቱም አሉ። እኔ ግን ከሁለቱም የሚቀድም ነገር አለ እላለሁ፦ ልጅቷ ሥራ ስትጀምር ለታማኝነቷ ሰው ጠርታ ታስፈርማለች፤ ባለሱቁ ደመወዟን በወቅቱ እንደሚከፍል፣ ሰዓቷን እንደሚያከብር ማንም አይፈርምላትም። ብዙ ጊዜ የሥራ ውል የሚባል ወረቀት እንኳ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የጽሑፍ ውል ከሌለ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ ጽፎ፣ ፈርሞ እንዲሰጣት ያዛል። ወረቀቱ ባለመኖሩም መብቷ አይቀርም ይላል። በአንድ ሱቅ ውስጥ ስንት ወረቀት አለ ብሎ ለጠየቀ፣ ያለው የተያዡ ወረቀት ብቻ ነው።

ጠዋት ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ከፈረንሳይ ቁልቁል ወደ ቀበና፣ ከኮተቤ ወደ መገናኛ በሚጎርፈው ሰው መሐል ሻጮቹን መለየት አያስቸግርም። ተኳኩለዋል፣ ፀጉራቸው ተሠርቷል፣ የምሳ ዕቃ ይዘዋል፤ እግራቸው ላይ ያለው ግን ነጠላ ጫማ ነው። ባለ ተረከዙ ጫማ ሱቅ ውስጥ ተቀምጧል። የታክሲ ሰልፉ ከረዘመ በእግር ይወርዳሉ፤ የአንድ ቀን ታክሲ ማለት የአንድ ቀን አትክልት ነው። ክፍሉን በደባል ለሦስትና ለአራት ተከራይተዋል። ከመካከላቸው አንዷ ሱቅ፣ አንዷ ካፌ፣ አንዷ ፀጉር ቤት ትሠራለች፤ ወር ሳይሞላ ገንዘብ ያለቀባት ከሌላዋ ትበደራለች።

ሱቁ ይከፈታል። አቧራ ይራገፋል፣ ወለል ይወለወላል፣ ልብስ የለበሱት አሻንጉሊቶች በር ላይ ይቆማሉ። ከዚያ መጠበቅ ነው። የመጀመሪያው ገዢ እስኪመጣ «አልከፈትኩም» ትላለች፤ ያልከፈተች ሻጭ ዋጋ ላይ ቶሎ ትረታለች፣ ደንበኛውም ይህን ያውቃል። «የመጨረሻውን ንገሪኝ።» «ከየት አመጣሽው ይኼን ዋጋ?» ባለቤቱ «ከዚህ በታች እንዳትሸጪ» ብሎ የተወላት ዋጋ አለ። በአንዳንድ ሱቅ ከዚያ በላይ የሸጠችበት ለራሷ ነው፤ በአብዛኛው ግን አይደለም። ያም ሆኖ ደንበኛው በእልህ ሲከራከራት ገንዘቡ ወደ እርሷ ኪስ የሚገባ ይመስለዋል።

በንግግሯ ቅላጼ ከገጠር መምጣቷ ሲታወቅ የሚለወጥ ደንበኛ አለ። «ባለቤቱን ጥሪልኝ» ይላል። ስሟ ለገበያ አይመችም ተብሎ «ቤቲ» ወይም «ሄለን» የምትባልም አለች፤ ሁለተኛ ስሟን እየሰማች ቀኑን ሙሉ አቤት ትላለች። ልብስ ሊለካ የገባ ወንድ ስልክ ቁጥሯን ሲጠይቃት ደንበኛ ላለማስቀየም መሳቅ ይጠበቅባታል። ባለቤቱ ራሱ ቢሆንስ? አዋጁ ወሲባዊ ትንኮሳ የደረሰባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን ለቅቃ ካሣ እንድትጠይቅ ይፈቅዳል። እርሷ ግን ስትለቅ መጀመሪያ የምታስበው የተያዡን ወረቀትና የተያዘባትን የትምህርት ማስረጃ ማስመለስ ነው።

የዘመኑ ትልቁ ራስ ምታት ክፍያው ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ፣ ባንኮችም በስልክ ማስተላለፍን ካስፋፉ ወዲህ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍለው እያነሰ መጥቷል። ገንዘቡ የሚገባው ወደ ባለቤቱ ሒሳብ ነው፤ መልእክቱ የሚደርሰውም ባለቤቱ ስልክ ላይ ነው። ባለቤቱ ደግሞ መርካቶ ዕቃ ሊያመጣ ሄዷል፤ ወይም ስልኩ ተይዟል፤ ወይም ኔትወርክ የለም። ደንበኛው «ይኸው ልኬያለሁ» ብሎ የስልኩን ስክሪን ያሳያታል። እርሷ ምን ማድረግ ትችላለች? «ይጠብቁ» ብትል ስድብ ነው። አምና ብትሸኘውና መልእክቱ ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ ማታ ሒሳብ ስታስረክብ ጉድለት ነው። ቀልጣፋዎቹ አንድ ብልሃት አላቸው፤ ከባለቤቱ መልስ እስኪመጣ ዕቃውን ቀስ ብለው ያጥፋሉ፣ ከረጢት ይፈልጋሉ፣ ቀለሙን «እስቲ በብርሃን ይዩት» እያሉ ደንበኛውን ወደ በሩ ይመልሱታል።

ጉድለት የተባለው ነገር በወር መጨረሻ ከደመወዟ ላይ ይነሳል። ቆጠራ በተደረገ ጊዜም እንዲሁ ነው፤ የጠፋ ቀበቶ፣ ከማሳያው የተነሳ ሽቶ፣ ደንበኛ መልበሻ ክፍል ገብቶ ከውስጥ ለብሶት የወጣ ቲሸርት በእርሷ ስም ይጻፋል። ሕጉ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልተፈቀደ ወይም ሠራተኛዋ ራሷ በጽሑፍ ካልተስማማች በቀር ከደመወዝ መቁረጥ አይቻልም፤ ቢቆረጥም ከወር ደመወዟ ከአንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም። በተግባር ሙሉ ደመወዝ ያለቀበት ወር አለ። ያን ጊዜ ነው ተያዡ የሚጠራው፤ እርሱ የቅርብ ዘመድ ከሆነ ነገሩ ከሱቅ ወጥቶ የቤተሰብ ጠብ ይሆናል።

ደረሰኝም አለ። ያለ ደረሰኝ መሸጥ ከባድ ቅጣት ያስከትላል፤ እስከ እስር ይደርሳል። «ደረሰኝ ካልፈለጉ አትቁረጪ» የሚላት ባለቤቱ ነው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ማሽኑ አጠገብ ቆማ የምትገኘው ግን እርሷ ናት። ሁለቱን እሺ ብሎ ማደር የሚቻልበት መንገድ የለም።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የመገናኛን መልክ ለውጦታል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፣ ማታ ቤተሰቡን ይዞ የሚንሸራሸረው ሰው በዝቷል። ይህን ተከትሎ የከተማ አስተዳደሩ በ2017 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ የንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3፡30 ክፍት እንዲሆኑ ግዴታ ጣለ። ለከተማው ሕይወት መልካም ነው፤ እኔም ከሥራ ወጥቼ ሱቅ ክፍት ሳገኝ ደስ ይለኛል። ሁለት ፈረቃ ለሚያሠራ ሱቅም ተጨማሪ ቅጥር ነው። አንዲት ሻጭ ብቻ ላለችው ትንሽ ቡቲክ ግን እንደሚከተለው ይሰላል። ከጠዋቱ 2፡00 እስከ ምሽቱ 3፡30 ድረስ 13 ሰዓት ተኩል ነው። የምሳ ግማሽ ሰዓት ይቀነስ፤ 13 ይቀራል። በሳምንት ስድስት ቀን ሲሆን 78 ሰዓት። አዋጁ መደበኛውን የሥራ ጊዜ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ይወስናል፤ የትርፍ ሰዓቱ ጣሪያ ደግሞ በሳምንት 12 ነው። ተደምሮ 60። የቀረው 18 ሰዓት በምንም ዓይነት ክፍያ ሊሠራ የማይፈቀድ ነው። የትርፍ ሰዓቱም ቢሆን በቀን ክፍለ ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ሊከፈልበት ይገባል። ከገና እስከ ፋሲካ ባለው ጊዜ በዓል ዋዜማ ላይ ሱቅ የገባ ሰው ሻጯን «ዛሬ በስንት እጥፍ ነው የሚታሰብልሽ?» ብሎ ቢጠይቃት የቀለደባት ይመስላታል።

ስለ ደመወዙ መጠን ብዙ ማለት አይቻልም፤ ወለል የለውም። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር፣ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ለግሉ ዘርፍ ግን አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ቢደነግግም ዝቅተኛ ደመወዝ አልተወሰነም።

አሁን ወደ ወንበር ጉዳይ ልምጣ፤ ከሁሉ የሚያናድደኝ እርሱ ነውና። ብዙ ሱቆች ውስጥ ለሻጭ ወንበር የለም። ያለውም ለደንበኛ ነው፤ ጫማ ለሚለካ፣ ሚስቱን ለሚጠብቅ። ሻጯ ብትቀመጥ «ሰነፍ ትመስያለሽ» ትባላለች። ባለቤቱ በሌለበት እንኳ በካሜራ ያያታል። ስለዚህ ልጆቹ መደርደሪያ ይደገፋሉ፣ ካርቶን ላይ ቁጢጥ ይላሉ፣ ዕቃ የሚፈልጉ መስለው ከጠረጴዛው ሥር ይጎነበሳሉ። ሽንት ቤቱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በሕንጻው ምድር ቤት ተቆልፎ ቁልፉ ጥበቃው ጋ ይሆናል፣ ሱቁን ጥሎ መሄድም አይቻልም። የጎረቤት ሱቅ ሻጭ «ሂጂ፣ አያለሁልሽ» የምትላት ለዚህ ነው። ያቺ ጎረቤት ባትኖር ውሃ ሳይጠጡ መዋል ይለመዳል፤ ኩላሊታቸውን የሚያማቸው ልጆች ጥቂት አይደሉም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። በብሪታንያ ለሴት ሻጮች ወንበር የሚያስገድድ ሕግ የወጣው በ1899 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለሦስት ሻጮች አንድ ወንበር ይላል። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1964 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የንግድና የቢሮ ሠራተኞች ንጽሕና ስምምነት ቁጥር 120 ለሠራተኛ በቂ ወንበር እንዲቀርብና እንድትቀመጥበትም ዕድል እንዲሰጣት ደንግጓል። ለእኛ የሚቀርበው ግን የሕንዷ የኬራላ ግዛት ታሪክ ነው። በኮዚኮድ ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ሱቆች ውስጥ ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ቆመው ይውሉ ነበር፤ ሽንት ቤትም አልነበራቸውም። ቪጂ የተባለች ልብስ ሰፊ ሴቶቹን ስታሰባስብ መጀመሪያ ያነሱት የሽንት ቤቱን ነገር ነበር። ወንበሩ ቀጥሎ መጣ። ዓመታት ከታገሉ በኋላ በ2018 እ.ኤ.አ. የግዛቲቱ ሕግ ተሻሽሎ የመቀመጥ መብት ገባበት፤ ጎረቤቷ ታሚል ናዱም በ2021 ተከተለች። እነዚያ ሴቶች በአንድ ትልቅ ፋብሪካ የተሰበሰቡ አልነበሩም። እንደ መገናኛ ልጆች በየትንሹ ሱቅ ሁለትና ሦስት ሆነው የተበታተኑ ነበሩ።

«ሥራው እንዲህ ከሆነ ለምን አይተዉትም?» የሚል አይጠፋም። መተው ማለት ምን እንደሆነ ለማየት ከፈረንሳይ ወደ እንጦጦ ቀና ማለት ይበቃል። ከባሕር ዛፉ ጫካ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ለዚህች ከተማ ማገዶ ሲያቀርቡ ትውልድ አልፏል። ፍቅርተ ኃይሌ በ1991 እ.ኤ.አ. ለዓለም ሥራ ድርጅት ባቀረበችው ጥናት እነዚህ ሴቶች ለአዲስ አበባ ማገዶ ምን ያህል እንደሚያስፈልጉ፣ ለሥራቸው የሚከፈላቸው ደግሞ ምን ያህል አነስተኛ እንደሆነ አሳይታለች። የደን ጠባቂ ያሳድዳቸው ነበር፤ ገዢውም መንገድ ላይ አስቁሞ ሸክማቸው እንደከበዳቸው አይቶ ዋጋ ይሰብርባቸው ነበር። ከእነርሱ የተወሰኑት በኋላ በማኅበር ተደራጅተው ከሸክሙ ወጥተዋል፤ እየሸመኑ ነጠላና ሻርፕ ለጎብኚ ይሸጣሉ። በዚያው ተራራ ለጸበል መጥተው የቀሩ፣ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶችም ከቀለጠ የጥይት ቀለሃ የአንገት ጌጥ ሠርተው ለገበያ ያቀርባሉ። በቫይረሱ ምክንያት ሠራተኛን ማግለል በሕግ የተከለከለ ነው፤ እነርሱ ግን ክልከላው እስኪከበር አልጠበቁም። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. እንጦጦ ፓርክ ሲመረቅ ደግሞ ተራራው ላይ ካፌና ሱቅ ተከፈተ፤ እዚያም ተቀጣሪ ሻጭ ሆነው የሚሠሩ ልጆች አሉ። ለሌላው የቀረው ጎዳናው ነው፤ ሸራ አንጥፎ ካልሲ መሸጥ፣ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሸራውን በአራት ማዕዘኑ አፍሶ መሮጥ። ከዚህ ጋር ሲተያይ ቆሞ መዋል ሥራ ነው። ልጆቹም ይህን አስልተው ነው የሚቆዩት።

ሕጉ መደራጀትን የሚያየው በቁጥር ነው። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለበት ድርጅት የራሱን የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይችላል። ከአሥር በታች ያሉባቸው ድርጅቶች ሠራተኞች ደግሞ በአንድነት ጠቅላላ ማኅበር መመሥረት ይችላሉ፤ የአባላቱ ቁጥር ከአሥር ማነስ የለበትም። የችርቻሮ ንግድ በ2016 ዓ.ም. ለውጭ ባለሀብት ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ሠራተኛ የሚይዙ ትላልቅ መደብሮች ቢመጡ የመጀመሪያው አንቀጽ ይጠቅማቸዋል። ለአንዲት ሻጭ ሱቅ የሚያገለግለው ግን ሁለተኛው ነው፤ ሰምቶት የሚያውቅ ሻጭ ግን አላገኘሁም።

እንዲህ ስል ልጆቹ መደራጀት አያውቁም ማለቴ አይደለም። መገናኛ ባሉት የገበያ ሕንጻዎች ከአንድ ፎቅ ላይ ያሉ ሻጮች ዕቁብ አላቸው። ጸሐፊ አለ፣ ሰብሳቢ አለ፣ ደብተር አለ። ቅዳሜ ማታ ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ ይሰበስባሉ። ያላመጣች ትቀጣለች። ቀድሞ የደረሳት ብሩን ይዛ እንዳትጠፋ ዋስ መጥራት አለባት፤ ዋስ የምትሆናት ደግሞ ከአጠገቧ ሱቅ የምትሠራው ናት። በማስታወቂያው መሠረት ተያዥ ማቅረብ ያልቻሉት እነዚሁ ልጆች እርስ በርሳቸው ተያዥ ናቸው። የዕቁቡ ገንዘብ ደግሞ ከብዙ ሱቅ የአንድ ቀን ሽያጭ አያንስም። ባለሱቆቹ ይህን ያውቃሉ፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው የዚያው ዕቁብ አባል ናቸው። ተያዥ መጠየቃቸውን ግን አልተዉም።

የአንዱን ፎቅ ዕቁብ ለምትጽፈው ልጅ ስለ ጠቅላላ ማኅበሩ አንቀጽ ነገርኳት። ደብተሩን ገልጣ ቆጠረች፤ አባላቱ ከአሥር በልጠዋል። የሱቁ ባለቤት ቢሰማ በዚያው ቀን እንደሚያስወጣት ነገረችኝ። በማኅበር አባልነት ምክንያት ማሰናበት ሕገወጥ ነው አልኳት። «እሱማ ይሆናል» አለች። ከዚያ የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ አሳየችኝ፤ ዕጣ ያልወጣላቸው ስሞች ናቸው፣ የእርሷም አለበት። ከደረሳት በኋላ እናወራለን ብላ ስልኬን መዘገበች።